የልም አጥንት ፕሮፖዛል፦ ሴሉን በለመደው ኦክስጅን እንፈትነው

አስተባባሪ፦
ጤና ይስጥልን። ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አራት ኪሎ ከመገናኘታችን በፊት የጋራ ፕሮፖዛሉን እዚሁ እናጥራው። የተስማማነው ይህ ነው፦ ጥቁር አዝሙድ ውስጥ ያለው ታይሞኪኖን የልም አጥንት (መገጣጠሚያ ላይ የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ አካል) ሴሎችን ከኦክሲዴቲቭ ስትረስ፣ ማለትም ኦክሲዳንት የሚባሉ ከኦክስጅን የሚመጡ ንጥረ ነገሮች ሲበዙ ሴሉ ላይ ከሚያደርሱት ጫና፣ ይከላከል እንደሆነ እንፈትሻለን። ረቂቁ ርዕስ ላይ ግን «ለጉልበት ሕመም መድኃኒት» የሚል ገብቷል። ይውጣ ባይ ነኝ። ፒያሳ ጊዮርጊስ ግቢ ጉልበታቸውን ይዘው የሚያርፉ እናቶችን ሳይ እኔም እቸኩላለሁ። ግን ሳህን ላይ ያለ ሴል ተረፈ ማለት የእናቶች ጉልበት ዳነ ማለት አይደለም።

ከሐኪሞቹ ወገን፦
ልክ ነሽ እህቴ፣ ይውጣ። ቫይታሚን ኢ ላይም ተስፋ ተጥሎ ነበር። ለጉልበት ሕመምተኞች ለ2 ዓመት ተሰጥቶ የልም አጥንቱን መሳሳት እንዳልቀነሰ በፈረንጆቹ 2002 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ልም አጥንት ደም ሥር የለውም። የሚመገበው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ እየሰረገ ከሚገባለት ነው። የዋጥነው ሁሉ እዚያ አይደርስም። መግቢያው ላይ ይህ በግልጽ ይጻፍ።

ከላብራቶሪ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ዘዴው ነው። ታይሞኪኖን በእነዚህ ሴሎች ላይ በሌሎች አገሮች ተሞክሯል። ያንኑ ብንደግም ምን ጨመርን? የእኛ ድርሻ ኦክስጅኑ ላይ ቢሆንስ?

የልም አጥንት ሴል የሚኖረው ኦክስጅን እጅግ ባነሰበት ቦታ ነው። ኃይሉንም በአብዛኛው ያለ ኦክስጅን፣ ግሉኮስ ሰባብሮ ያገኛል። በተራ ኢንኩቤተር (የሴል ማሳደጊያ ሣጥን) ስናሳድገው የውጭውን አየር ያህል ኦክስጅን እናጎርፍበታለን። ጫናውን ለመፍጠር የምንጠቀምበትን ኦክሲዳንት፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱን፣ ገና ሳንጨምር ጫናውን እኛው ጀመርነው ማለት ነው። ከዚያ «ታይሞኪኖን ጠበቀው» ብንል፣ ከምን?

ሌላም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊታችን ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የውጭ መመሪያ «5 በመቶ ኦክስጅን» ሲል፣ ያው 5 በመቶ እዚህ ያነሰ ግፊት ነው። ስለዚህ በመቶኛ ሳይሆን በግፊት እንጻፈው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ለእኔ ግን የፕሮፖዛሉ እምብርት እሷ ናት።

ደግሞ ታይሞኪኖኑን ቀድመን እንስጥ፣ ሴሎቹን እንጠብ፣ ፐርኦክሳይዱ ከዚያ ይግባ። አብረው ከገቡ እዚያው ፈሳሹ ውስጥ ተገናኝተው ሊያልቁ ይችላሉ፤ ሴሉ ምንም ሳይሠራ።

ተማሪ አባል፦
ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ። ግባችን ኦክሲዳንቱን ጨርሶ ማጥፋት ነው?

ከላብራቶሪ፦
አይደለም። ጥቂቱ ለሴሉ መልእክት ማስተላለፊያው ነው። እሱንም ካጠፋን ሌላ ጉዳት እናመጣለን። ስለዚህ የሞቱትንና የተረፉትን ብቻ አንቁጠር። ዓይነት 2 ኮላጅን፣ የልም አጥንቱን ዋና ፕሮቲን፣ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ ወይ? ያንን ኮላጅን የሚቆርጠው ኤንዛይም፣ ኤምኤምፒ-13፣ ይቀንሳል ወይ? ብዙ እያባዛንም አንቆይ። ሳህን ላይ ሲሰነብቱ ጠባያቸው ይለወጣል።

ተማሪ አባል፦
ገባኝ። ማልዶ ቄራ መሄዱን ለእኔ ተዉት። ሴሎቹን የምናወጣበትን የከብት ጉልበት ከእርድ በኋላ ቶሎ በበረዶ ይዤ እመጣለሁ።

አስተባባሪ፦
ተባረኪ። ርዕሱን «የልም አጥንት ሴል፣ ታይሞኪኖንና የመገጣጠሚያ ኦክስጅን» ብዬዋለሁ። ኦክስጅን የሚቆጣጠር ኢንኩቤተር በጀቱን ይከብደዋል። ስለዚህ የምንፈትናቸውን የታይሞኪኖን መጠኖች ከ5 ወደ 3 እናውርድና እሱን እናስቀድም። የግፊቱን ስሌት እስከ ሐሙስ ላኩልኝ።