ድመቴ ምን እያለችኝ ነው? ከቡችላው ጋርስ እንዴት ላስማማት?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁም። ሦስት ዓመት የሞላት ሴት ድመት አለችን። ሦስት ነገር ግራ አጋብቶኛል።

አንደኛ፣ ሊነጋጋ ሲል መኝታ ቤታችን በር ላይ ቆማ መጮህ ትጀምራለች። ካልተነሳሁ አታቆምም። ሁለተኛ፣ ጭኔ ላይ ተኝታ ስዳብሳት ኩርር እያለች ትቆይና ድንገት እጄን ንክስ! ሦስተኛው የባሰ ነው። በቅርቡ ቡችላ አምጥተናል። ክፉ አይደለም፣ ጅራቱን እየቆላ ነው የሚጠጋት። እሷ ግን ጀርባዋን ቆልምማ፣ ፀጉሯን አቁማ "ፍፍፍ" ትልበታለች። ባለቤቴ "እቀፋትና አጠገቡ አስቀምጣት፣ ትለምደዋለች" ትለኛለች። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ጅራት አንባቢ
ወንድሜ፣ ከንክሻው ልጀምር። "ድንገት" አይደለም። ቀደም ብላ ነግራሃለች፣ አንተ የሰማኸው ግን ጉሮሮዋን ብቻ ነው። ቀጥሎ ስትዳብሳት ጅራቷን እይ። መጀመሪያ ጫፉ ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከዚያ ጅራቷ በሙሉ ጭንህን መምታት ይጀምራል። የጀርባዋ ቆዳ ንዝር ንዝር ይላል፣ ጆሮዎቿ ወደ ጎን ይዞራሉ፣ ፊቷን ወደ እጅህ ትመልሳለች። ይሄኔ እጅህን አንሳ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥርስ ነው።

የምትነካው ቦታም ይወስናል። አብዛኞቹ ድመቶች ጉንጫቸውን፣ አገጫቸውንና የጆሯቸውን ሥር መነካት ይወዳሉ። ጠረን የሚያመነጩ ዕጢዎች እዚያ አካባቢ አሉ። ጉንጯን እግርህ ላይ ስታሻሽ የራሷን ጠረን እየቀባችህ ነው፤ የቤቷ ሰው አድርጋ መዝግባሃለች ማለት ነው። ሆድና የጅራት ሥር ግን ለብዙዎቹ ክልክል ነው። በጀርባዋ ተንጋላ ሆዷን ስታሳይህ ተማምናብሃለች እንጂ እከክልኝ እያለች አይደለም። ትንሽ ዳብሰህ ቆም በል። ራሷ ጭንቅላቷን ከገፋችልህ ቀጥል፣ ዝም ካለች ተዋት።

መልስ፦ የንጋት ተረኛ
ያደጉ ድመቶች እርስ በርሳቸው "ሚያው" መባባል አያዘወትሩም። ግልገል ሳሉ እናታቸውን ይጠሩበታል። ካደጉ በኋላ በአብዛኛው የሚጠቀሙበት ለሰው ነው። ሰው ጅራትና ጆሮ ማንበብ አይችልበትማ! ሲጮኹበት ግን ይነሳል። ያንተዋም ያገኘችው ይህንኑ ነው።

በ2009 (በፈረንጆቹ) የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዋ ካረን ማኮም ከባልደረቦቿ ጋር አንድ ነገር አሳይታ ነበር። ድመቶች ምግብ ሲለምኑ የሚያሰሙት ኩርርታ ውስጥ ቀጭን ጩኸት ተደባልቆበታል፤ እሱም ከሕፃን ልቅሶ ጋር ይቀራረባል። ድመት አሳድገው የማያውቁ ሰዎች እንኳ ቅጂውን ሲሰሙ ይሄኛው የሚያጣድፍ ነው ብለው ለይተውታል። ስለዚህ ችላ ማለት ቢያቅትህ አይፈረድብህም።

አሁን ወደ መፍትሔው። ከመተኛትህ በፊት ገመድ ላይ ላባ አስረህ በደንብ አሯሩጣት፣ ከዚያ አብላት። ድመት አድና፣ በልታ፣ ራሷን ልሳ ነው የምትተኛው። ጠዋት እንደተነሳህ ወዲያው ምግብ አትስጣት፤ ፊትህን ታጠብ፣ ሌላ ነገር ሥራ፣ ከዚያ ስጣት። ስትጮህ አትነሳ፣ አትቆጣትም። ቁጣም ለእሷ መልስ ነው። መጀመሪያ ላይ ጩኸቷ ይብሳል። እዚያ ላይ ከተሸነፍክ፣ አብዝታ ስትጮህ እንደሚሳካላት አስተማርካት ማለት ነው።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም ነኝ
ከላይ ያለው ምክር ለጤነኛ ድመት ነው። ጩኸቱ ከዚህ በፊት ያልነበረ ከሆነ መጀመሪያ ትመርመር። ያረጁ ድመቶች ሌሊት የሚጮኹት በታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ በደም ግፊት፣ ወይም ጆሯቸው ስለደከመ ሊሆን ይችላል። እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና ያልተደረገላት ድመትም ወንድ ስትፈልግ ቤቱን ታናውጠዋለች። ኩርር ማለቷ ብቻውን የጤና ማረጋገጫ አይደለም። ሲያማት፣ ስትወልድም ኩርር ትላለች።

ጥያቄው ባይሆንም፣ ወንድ ድመት ያላችሁ ይህችን አንብቡ። መጸዳጃ አሸዋው ላይ ደጋግሞ ተቀምጦ እያማጠ ሽንት ካልወጣው ለነገ አታሳድሩት። የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ይሆናል፤ በአንድ ሁለት ቀን ሊገድለው ይችላል።

መልስ፦ የድሮ ሰው
ልጆቼ፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምንድን ነው? አንድ ክፍል ውስጥ ዝጉባቸው። ተቧጭረው ተቧጭረው ይታረቃሉ።

መልስ፦ ሁለቱንም አሳዳጊ
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፣ ግን እንዲህ ሲደረግ የቡችላው ዓይን ሊጠፋ ይችላል። የባለቤትህም ምክር አያዋጣም። አቅፈሃት ከደነገጠች የምትቧጭረው አንተን ነው።

ጠቡ የሚመጣው ምልክታቸው ስለሚጋጭ ነው። ቡችላ ጅራቱን ሲቆላ ብዙውን ጊዜ እንጫወት ማለቱ ነው። ድመት ጅራቷን ወዲያ ወዲህ ስትመታ ግን ራቅ በልልኝ ማለቷ ነው። የድመት ሰላምታ ቀጥ ብሎ የቆመ ጅራት ነው፤ ወደ አንተ ስትመጣ ልብ በል። ቡችላው የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ሲያጎነብስላት እሷ የሚታያት ሊዘልባት ያደባ አውሬ ነው። ጀርባዋን መቆልመሟና ፀጉሯን ማቆሟ ትልቅ ለመምሰል ነው። ፈርታለች። "ፍፍፍ" ስትል አትቅጣት። ማስጠንቀቂያዋን ከከለከልካት ሳታስጠነቅቅ መምታት ትለምዳለች።

መጀመሪያ ለያይተህ አኑራቸው፤ በር ይዘጋ። የእሱን መኝታ ጨርቅ ለእሷ፣ የእሷን ለእሱ አቅርብ። ከዚያ በሩ ግራና ቀኝ አብላቸው፤ የሌላው ጠረን ከምግብ ጋር ይያያዝላቸው። ተረጋግተው መብላት ሲጀምሩ ቡችላውን በገመድ ይዘህ ከሩቅ አስተያያቸው። ለአጭር ጊዜ ይሁን። እሷ የምትወጣበት ከፍ ያለ ቦታና የምታመልጥበት መንገድ ሁልጊዜ ይኑር። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ አትቸኩል።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ጨርቁን ሞከርኩት። አሽትታ "ፍፍ" አለችበት፣ ከዚያ አፏን ከፈት አድርጋ ፈዝዛ ቀረች። ተናደደች? ደግሞ ማታ ማታ ዓይኗን ቀስ ብላ ትጨፍንብኛለች፣ ይሄስ?

መልስ፦ ሁለቱንም አሳዳጊ
አፏን የከፈተችው ጠረኑን ለመመርመር ነው። ላንቃቸው ላይ ለዚሁ የተሠራ ሌላ የማሽተቻ አካል አላቸው። ጨርቁን ግን ከምግቧ ራቅ አድርግና በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አስጠጋው።

የዓይኑ ነገር ጥሩ ዜና ነው። በፈረንጆቹ 2020 በታተመ ጥናት ድመቶች ሰው ዓይኑን በዝግታ ሲጨፍንላቸው መልሰው ጨፍነዋል። የማያውቁት ሰው እንኳ እንዲያ ሲያደርግላቸው ዝም ብሎ ካያቸው ሰው ይልቅ ወደ እጁ ይቀርቡ ነበር። አንተም ዓይንህን ጠበብ አድርገህ ቀስ ብለህ ጨፍንላት፣ ከዚያ ፊትህን ዘወር አድርግ። ቡችላውን ግን ዓይኗን ሳታርገበግብ ትክ ብላ ካየችው፣ አድፍጣ ጅራቷም ከተንቀሳቀሰ፣ የዕለቱ ትውውቅ እዚያ ላይ ይብቃ። እሷን አትንካት፣ ውሻውን ይዘህ ውጣ።