ለወላጅ መታሰቢያ ዘፈን ጅማ ላይ ለምታሠሩ፦ የእኔ ጥቆማ

አባዬ ካረፈ በኋላ የሙት ዓመቱ ሳይደርስ አንድ ዘፈን ልሠራለት ቆርጬ ተነሣሁ። ሙዚቀኛ አይደለሁም። ገጣሚውንም፣ ክራር መቺውንም፣ ስቱዲዮውንም እየዞርኩ ነው የለየሁት። ሰሞኑን ሁለት ወዳጆቼ በተመሳሳይ ሐዘን ውስጥ ሆነው ስለጠየቁኝ ያየሁትን ጻፍኩላቸው። ለሌላም ሰው ይጠቅም ይሆናል።

ከግጥሙ ልጀምር፤ ብዙ የደከምኩት እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ ለገጣሚ ከፍዬ አስጻፍኩ። ቤቱን ይመታል፣ ቃላቱም ያምራሉ። ግን "ዋርካዬ፣ ጥላዬ" የሚል የማንም አባት ሊሆን የሚችል ግጥም ነው። አባዬ ቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ የሚቆም ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ፈረሱላ ሲቆጥር ኖረ፤ አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ። ቆጠራውን እንደ ዜማ ነበር የሚያወጣው። "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ" ብሎ በኦሮምኛ ይጀምርና መሃል ላይ ወደ አማርኛ ይገባል። ያ ቆጠራ ከሌለበት ዘፈኑ ውስጥ አባዬ የለም።

ስለዚህ ግጥሙን መልሼ አስቀመጥኩት። በለቅሶው ላይ አክስቴ ያወረደችውን ሙሾ የአጎቴ ልጅ በስልኩ ቀድቶት ነበር። ፈቃዷን ጠይቄ ሁለት ሐረግ ከዚያ ወሰድኩ። የቀረውን ራሴ ሞከርኩ። ለጀማሪ የወል ቤት ይመቻል። እያንዳንዱ ስንኝ 12 ቀለም አለው (ቀለም ማለት በአንድ ጊዜ የሚወጣ የድምፅ ቁራጭ ነው፤ "ቆጥሮ" ቆጥ-ሮ ተብሎ ሁለት ይቆጠራል)፤ መሃል ላይ 6 ለ6 ይከፈላል። እንዲህ፦

ፈረሱላ ቆጥሮ ለሰው ያስረከበ
የራሱን ሳይመዝን ዕድሜው ተገደበ

በጣታችሁ እየቆጠራችሁ ሞክሩት። ገጣሚ የሚያስፈልጋችሁ ከዚህ በኋላ ነው፤ ለማረም። ዋጋውም ይቀንሳል፣ ቃሉም የእናንተ ይሆናል።

አሁን ወደ ዜማው። ኪቦርድ ተጫዋች በቀላሉ ታገኛላችሁ። ሰርግ ስለለመዱ ከበሮውንም ባሱንም ብቻቸውን ይሠሩታል፣ ፈጣን ናቸው። ለዚህ ሥራ ግን እኔ ክራር ወይም ማሲንቆ እላለሁ። ማሲንቆ በአንዷ ጭራ ከድምፅ ወደ ድምፅ እየተንሸራተተ ያለቅሳል፤ የኪቦርድ ቁልፍ እንደዚያ አይልም። የእኔን ክራር መቺ ያገኘሁት ማታ ማታ ባህል ቤት ከሚጫወቱት መሃል ነው። ቀን ላይ ነፃ ስለሚሆኑ ቀን አነጋግሯቸው።

ሰው ሁሉ ለሐዘን የትዝታን ቅኝት ይመርጣል። እኔም እሱን ነበር ያልኩት። ክራር መቺው ግን አልቸኮለም። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በየተራ እየቃኘ አስጎራጎረኝ። ባቲ ላይ ስንደርስ የአባዬ ቆጠራ ልክ ገባ። አባዬ የሚያዝን ሰው አልነበረም። ዘፈኑ ማዘን ያለበት እኛ ስላዘንን ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ። አራቱንም ሳትሰሙ አትወስኑ።

ስቱዲዮ ላይ ተጠንቀቁ። መጀመሪያ የሄድኩበት ቤት የተዘጋጀ ቢት ከፈተልኝ፤ በአክስቴ ድምፅ ላይ አውቶቱን የሚሉትን ድምፅ የሚያቃና ፕሮግራም ጫነበት። መልሱልኝ ስል ጥሬው ቅጂ ጠፍቷል። አክስቴ ሁለተኛ ስታዜመው እንደ መጀመሪያው አልወጣላትም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት በወረቀት ተስማሙ፦ እያንዳንዱ ትራክ (የየድምፁና የየመሣሪያው ቅጂ) ለየብቻው፣ ምንም ሳይነካ፣ ጥራቱ ባልተቀነሰ በዌቭ ፋይል ይሰጣችሁ። ኤምፒስሪ ብቻ አትቀበሉ። ዌቭ በደቂቃ ወደ 10 ሜጋባይት ነው፤ ተራ ፍላሽ ይበቃዋል። ዩቲዩብ ላይ ለመጫን ካሰባችሁ የቅንብሩ መብት የማን እንደሆነም ይጻፍ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአንድ ሥራ አመንጪ መብት በሕይወቱ ሳለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ በቃል የተባለ ነገር ኋላ ያጣላል።

ለዚህ ብሎ አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ አያስፈልግም። ድምፁንና ክራሩን እዚሁ ቀድተን ለሚክሲንግ (ድምፆቹን አመጣጥኖ ለማዋሃድ) ብቻ በቴሌግራም ላክን። በፋይል ላኩት እንጂ በድምፅ መልእክት አትላኩ፤ ጥራቱ ይወርዳል።

አቅም ከሌለ ቤት ውስጥ በስልክ መቅዳትም ያዋጣል። የእኔ ድምፅ ያለበት ክፍል እንደዚያ የተቀዳ ነው። የጅማን ዝናብ ግን ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ላይ ከጀመረ ሌላ ነገር አይሰማም። በማለዳ ቅዱ። መኝታ ቤት ግቡ፤ ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉና ከአፋችሁ አንድ ስንዝር አርቁት፤ ትንፋሹ እንዳይመታው ትንሽ ወደ ጎን። ለማስተካከል ኮምፒውተር ላይ ኦዳሲቲ፣ ስልክ ላይ ባንድላብ በነፃ ይገኛሉ። ኦዳሲቲ ለእኔ ተመችቶኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ለጅማ ሰው። የአባዬ ወገን ግማሹ ሙስሊም ነው። የሙዚቃ መሣሪያ የማይሰሙ ዘመዶች ስላሉን ድምፅ ብቻ ያለበትን ቅጂ ለብቻው አወጣን። ትራኮቹ ለየብቻ ካሏችሁ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ትልቅ አጎቴ ያንን ነው ደጋግመው የሚያዳምጡት።

ሥራው ከማለቁ በፊት ግን ሟቹን ለሚያውቁ አሰሙት። እኔ ከእሱ ጋር ጆንያ ሲሸከሙ ለኖሩ አዛውንት መጋዘኑ በር ላይ አስደመጥኳቸው። ዝም ብለው ሰሙና "አስር ላይ ሲደርስ እኮ ቆም ብሎ ይተነፍስ ነበር፤ እናንተ ዝም ብላችሁ አለፋችሁት" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ተመልሰን ያንን ክፍል እንደገና ቀዳነው፤ አሁን አስር ላይ ክራሩም ይቆማል።