አጥቂዎቼ ሳይያዙ ካሳ መጠየቅ እችላለሁ ወይ?

የተከበራችሁ የሕግ ባለሙያዎችና ተመሳሳይ በደል የደረሰባችሁ ወገኖች፣

በማንነቴ ምክንያት መንገድ ላይ ተደብድቤ ቀኝ እጄ ተጎድቷል። የምተዳደረው በልብስ ስፌት ሲሆን፣ ሁለቱ ጣቶቼ አልታጠፍ ስላሉኝ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስተካክዬ መያዝ ባለመቻሌ ሥራዬ ቆሟል። ደብዳቢዎቹ ሲመቱኝ ብሔሬን እየጠሩ ይሰድቡኝ እንደነበር የሰሙ ምስክሮች ቢኖሩም፣ ቃሌን የተቀበለው መርማሪ ስድቡን ትቶ ተራ ድብደባ ብሎ መዝግቦታል። ይህ እጅግ ያንገበግበኛል፤ ከጥላቻው በቀር ለድብደባው ሌላ ምክንያት አልነበረምና።

አጥፊዎቹ እስካሁን አልተያዙም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1985 ያወጣው የወንጀል ተጎጂዎች መግለጫ፣ አጥፊው ባይታወቅም ሆነ ባይፈረድበትም አንድ ሰው ተጎጂ ሊባል እንደሚችል፣ ከባድ የአካል ጉዳት ለደረሰበትም ካሳው ከአጥፊው ሙሉ በሙሉ ካልተገኘ መንግሥታት ለመካስ እንዲጥሩ ይገልጻል። ይሁንና መግለጫው በራሱ አስገዳጅ ባለመሆኑ፣ ጥያቄዬን በምን ላይ እንደምመሠርት ግራ ገብቶኛል።

የጥላቻ መነሻውን ለማካተት ተጨማሪ ቃል መስጠት ይበቃል ወይስ ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ ማመልከት አለብኝ? ደመወዝተኛ ስላልሆንኩ፣ የደንበኞቼ ልክና ቀብድ የሰፈረበት ደብተር ያጣሁትን ገቢ ለማስረዳት ይቀበሉኛል? ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ይርጋው፣ ማለትም ካሳ ለመጠየቅ የተፈቀደው የጊዜ ገደብ ነው፦ የሚቆጠረው ከድብደባው ዕለት ነው ወይስ ጉዳቱ ቋሚ መሆኑ በሐኪም ከተረጋገጠበት? የሕክምና ማስረጃዬ ገና አልተሰጠኝምና እባካችሁ የምታውቁትን አካፍሉኝ።