ጥቆማ፦ ባለ ባትሪ ዊልቸር በሐዋሳ ኮብልስቶን፣ ቦይና አሸዋ ላይ

ጥያቄ፦ እናቴ ባለ ባትሪ ዊልቸር አግኝታለች። ትልልቆቹ ጎማዎች ከኋላ፣ ትንንሾቹ ከፊት ናቸው። ከበራችን እስከ አስፋልቱ ኮብልስቶን ነው፤ በሩ ፊት ደግሞ ክፍት ቦይ አለ። ሐይቅ ዳር ድረስ መውጣት ትፈልጋለች። መሸጋገሪያ፣ ጎማና ባትሪ የት ይሻላል? አነዳዱስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት መሸጋገሪያውን አሠሪ። ከአናጺ ይልቅ ብየዳ ቤት ይሻላል፤ ጣውላ በክረምት ይጣመማል፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል። መሸጋገሪያው የሚወጣውን ከፍታ ለክተሽ በ12 አባዢ፤ 15 ሴንቲ ከፍታ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ይፈልጋል። ወርዱ 90 ሴንቲ፣ ግራና ቀኙ 5 ሴንቲ ከንፈር ያለው፣ ላዩ ሸካራ ላሜራ ይሁን። ከሥሩ ቱቦላሬ ካልተበየደበት መሃሉ ይረግባል፤ ዊልቸሩ ከነሰው 150 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ሁለት ጣውላ ጎን ለጎን ማጋደም ግን በፍጹም! አንዷ የፊት ጎማ ከወጣች ዊልቸሩ ቦይ ውስጥ ነው። ቦዩን በብረት ፍርግርግ የምትሸፍኑም ብረቶቹን መንገዱን አቋርጣችሁ አስተኟቸው፤ በመንገዱ አቅጣጫ ከተኙ ትንሿን ጎማ ይውጧታል።

መልስ፦ ለጎማ ከመኪና ጎሚስታ ይልቅ ሳይክል ጠጋኝ ጋ ሂጂ። የጎሚስታው ኮምፕረሰር ትንሽ ካላማደሪያን በሰከንድ ያፈነዳል፤ ሳይክል ጠጋኙ በእጅ ፓምፕ ይነፋል፣ የግራር እሾህም ለምዷል። የሚነፋው ልክ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ካልሆኑ ዊልቸሩ ወደ ጎደለው ይስባል። የማይነፋ ድፍን ጎማ አይተነፍስም፤ ኮብልስቶን ላይ ግን ወገብ ይፈጃል።

መልስ፦ አነዳዱ ላይ ልጨምር። ኮብልስቶን ላይ ፍጥነቱ ዝቅተኛው ይሁን፣ ቀበቶ ይታሰር። ዊልቸር የሚቀረቀረው አብዛኛውን ጊዜ የፊት ጎማ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ስትዞር ነው፤ ስለዚህ ጉድጓድም ሆነ ጠርዝ ሲመጣ ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል እንዲነኩ ቀጥ ብሎ መግባት ነው፣ በአግድም አይሆንም። ብዙ ዊልቸሮች ከ5 ሴንቲ ገደማ በላይ ጠርዝ አይወጡም፤ የእናትሽን ልክ መመሪያው ላይ እዪ። ዳገት ላይ እናትሽ ወደ ፊት ዘንበል ይበሉ፣ ከኋላም ሰው ይቁም፤ የኋላ ጎማ የሚነዳው ዊልቸር ወደ ኋላ መገልበጥ ይቀናዋል። ከኋላ የተገጠሙት ትንንሽ የመገልበጥ መከላከያ ጎማዎች ያደናቅፋሉ ብለሽ እንዳታስፈቺ። ቁልቁለት ላይ ጆይስቲኩ (በእጅ የሚነዳበት ዘንግ) በድንገት አይለቀቅ፤ ዊልቸሩ ቀጥ ሲል ሰው ወደ ፊት ይወረወራል። አሸዋ ላይ ጎማው ባዶውን ከዞረ አታስገድዱት፣ ይቀብራል፤ በገባበት ዱካ ወደ ኋላ ማውጣት ነው።

አንድ ትልቅ ነገር፦ ለመግፋት ሞተሩን የሚያላቅቁት ማንሻዎች ሲከፈቱ ፍሬንም አብሮ ይጠፋል። ተዳፋት ላይ አትንኳቸው።

መልስ፦ ባትሪው ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት በተከታታይ የተያያዙ። የመኪና ዕቃ መደብር የሚሸጠው ለሞተር ማስነሻ የተሠራ ነው፤ በየቀኑ ጠልቆ ሲራገፍ ቶሎ ይሞታል። ሶላር ዕቃ የሚሸጡ ቤቶች ውስጥ ድፍን ጄል ባትሪ ጠይቂ፤ አሮጌው ላይ የተጻፈውን አምፔር-ሰዓት (የባትሪውን አቅም፣ Ah) እና የሳጥኑን መጠን ይዘሽ ሂጂ። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ይቀየሩ፤ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል። ቻርጀሩም ጄል የሚችል መሆኑን አረጋግጪ።

ጥያቄ፦ ሲዘንብስ?

መልስ፦ ጆይስቲኩን በላስቲክ ሸፍኚ። ጎርፍ መንገዱን ከሸፈነው ግን አይውጡ፤ ሞተሮቹ ዝቅ ብለው ነው ያሉት፣ የቦዩ አፍም አይታይም።