ጥቆማ፦ ቀን የማይተኛ ልጅ፣ የደብረ ብርሃን ማቆያዎችና አራት ዓይነት ብርድ ልብስ

«ልጄ ማቆያ ውስጥ አልተኛም ብላ ሞግዚቶቹ ተማረሩብኝ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የተሻለ ቦታ ጠቁሙኝ» ላልሽው እህቴ፣ መልሴ ረዘም ስላለ ለብቻው ጻፍኩት። የኔው ልጅ 3 ዓመት ከ9 ወሩ ነው። ቀን መተኛት ካቆመ ግማሽ ዓመት አለፈው። በዚህ መሀል ሁለት ማቆያ ሞከርኩ፣ አንድ ወር ሸዋ ሮቢት አያቱ ጋ ላክሁት፣ የብርድ ልብስ ዓይነትም አማረጥኩ። የማቆያ ስም አልጠራም። ዋጋም አልጽፍም፤ እናንተ እስክታነቡት ጨምሮ ይጠብቃችኋል።

እኔ የተሳሳትኩት ገና ከፍለጋው ነው። «ልጆችን በደንብ የሚያስተኛ» ቦታ እያልኩ ዞርኩ። የማይተኛውን ልጅ ምን እንደሚያደርጉት የጠየቅኩት አንድም ቦታ አልነበረም። አብዛኛው ልጅ የቀን እንቅልፍ የሚተወው ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ በቀንና በሌሊት ተደምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይበቃል ይላል። የኔው ማታ 2 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 1 ሰዓት ይነሳል። አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ማለት ነው። ከምሳ በኋላ ዓይኑን ቢያፈጥ ምን ይገርማል?

የመጀመሪያው ማቆያ ትልቁ ነበር። ሰፊ ግቢ፣ ዥዋዥዌ፣ ካሜራ። የመኝታ ክፍሉን ሲያሳዩኝ ልቤ ቀለጠ። ፍራሾቹ በሰልፍ፣ አንሶላው የተወጠረ። ሕጉን ያወቅኩት ልጄ ማታ ማታ «ጅቡ በመስኮት ነው በበር የሚገባው?» ማለት ሲጀምር ነው። ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ዓይን መጨፈን ግዴታ ኖሯል። ያልጨፈነ በጅብ ይፈራራል። ያው መመሪያ የዚህ ዕድሜ ልጅ በአንድ ጊዜ ከ1 ሰዓት በላይ ታስሮ አይቀመጥ ይላል። የሚያወራው ስለ ጋሪና ስለ ወንበር ነው፤ እኔ ግን ፍራሹንም ጨምሬበታለሁ።

አንድ ቀን ሳልናገር ቀደም ብዬ ሄድኩ። ክፍሉ ጭልም ብሏል። ልጄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ከሩቅ ሲያዩት ማለቴ ነው። ጠጋ ስል ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። የብርድ ልብሱን ፀጉር እየነጨ ትራሱ ሥር ከምሮታል። ክምሩ ድንች ያክላል። «ምንድን ነው?» አልኩት በሹክሹክታ። «በግ እየሠራሁ ነው» አለኝ። «ቀንዱ ቀርቷል።»

በሳምንቱ አስወጣሁት።

አሁን ያለበት አንዲት እናት ቤታቸው ውስጥ ስድስት ልጅ የሚይዙበት ነው። ልጆቹ እትዬ ይሏቸዋል። ግቢው ጠባብ ነው፣ ቀለም የተቀባ ግድግዳ የለም፣ ካሜራ ብሎ ነገር የለም። ግን «ልጄ ቀን አይተኛም» ስላቸው ሳይደናገጡ «ታዲያ ማን አስተኛዋለሁ አለ? ዝም ብሎ ይረፍ እንጂ» አሉኝ። እዚያው ተመዘገብኩ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ከምሳ በኋላ ሁሉም ይጋደማል። እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተረት ያወራሉ፤ የጅብ ተረትም አለበት፣ ጅቡ ግን ሁሌ ተታሎ ነው የሚቀረው። ግማሽ ሰዓት ገደማ። የተኛ ተኛ። ያልተኛው ቀስ ብሎ ይነሳና ከረጢቱን ይዞ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ደብረ ብርሃን የኖረ ይሄን ያውቀዋል፤ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ነን፣ በበጋ 7 ሰዓት ላይ ከቤት ይልቅ ደጁ ይሞቃል። ክረምት ሲገባ በረንዳው አይሆንም። ያኔ ሳሎኑ ጥግ ላይ ምንጣፍ ያነጥፉለታል፣ ድምፅ እንዳያሰማ ካልሲ ብቻ አድርጎ ይቀመጣል።

ጉድለትም አለባቸው። ለቅሶ ካለ ማቆያው ይዘጋል። በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ከሥራ ቀርቻለሁ። መጀመሪያ ላይ ደግሞ ለሙቀት ብለው ልጆቹ የሚጋደሙበት ክፍል ውስጥ ከሰል ያስገቡ ነበር። እሱን አጥብቄ ነው የተናገርኩት። የከሰል ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት፣ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። እትዬ ቅር አላላቸውም፣ ምድጃው ወጣ። እናንተ ግን ማቆያ ስትጎበኙ ከዥዋዥዌው በፊት የመኝታ ክፍሉን ጥግ ጥግ እዩ፤ አመድ ካያችሁ ጠይቁ።

ሌላ መጠየቅ ያለበት ሽሮፕ ነው። የጉንፋን ሽሮፕ እንቅልፍ ያመጣል ብሎ ለልጅ የሚሰጥ ሞግዚት እንዳይኖር በግልጽ ተናገሩ። መድኃኒት ማስተኛ አይደለም። ልጁ ባልታወቀ ምክንያት ሁለት ሦስት ሰዓት ለጥ ብሎ ተኝቶ ሲነሳም ከደነዘዘ ዝም አትበሉ።

የመሥሪያ ቤት ማቆያ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። በ2010 የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲኖራቸው ጽፎ ነበር፣ ያላቸውም የሌላቸውም አሉ። አንድ ጓደኛዬ ጋ ያለውን አይቻለሁ። ጥሩነቱ በምሳ ሰዓት ሄደሽ ራስሽ ማጫወት ትችያለሽ። ችግሩ ጨቅላዎቹና የ3 ዓመቶቹ አንድ ክፍል መሆናቸው ነው፤ ጨቅላ እንዳይነቃ ተብሎ ትልቁ ልጅ ቀኑን ሙሉ እሽ ሲባል ይውላል። ግማሽ ቀን የሚያስተምር ነርሰሪ ለማይተኛ ልጅ ይመቻል፣ ግን ከሰዓት በኋላ ማን ይይዘዋል የሚለው ካልተመለሰ ዋጋ የለውም።

ሸዋ ሮቢት የላክሁት ጊዜ ደግሞ ቀን ቀን ተኛ! ቆላ ነው፣ ሙቀቱ ጥሎት ነጠላ ለብሶ አንድ ሰዓት ተኩል ያንቀላፋል። አያቱ «እናንተ ናችሁ እንጂ ልጁ ጤነኛ ነው» አሉኝ። ማታ ግን እስከ 5 ሰዓት ቤቱን ሲያምስ ነበር። ቀን የተኛውን ከሌሊቱ ይቀንሰዋል። ፍርዱን ለናንተ ትቼዋለሁ።

አሁን ዕቃው። ተኝቶ የሚውል ልጅ ብርዱን ይረሳዋል፤ ነቅቶ የሚጋደም ልጅ ግን ይበርደዋል፣ ስለዚህ ይነሳል። ሲሚንቶ ወለል ላይ ስስ ስፖንጅ ብቻ ካነጠፋችሁ ብርዱ ከሥር ነው የሚመጣው። እኔ ከታች ላስቲክ ምንጣፍ፣ መሀል አጎዛ፣ ከላይ ስፖንጅ አድርጌ ላክሁ። አጎዛ ስትገዙ በደንብ የለፋ ይሁን። ያልለፋው ትንሽ ርጥበት ሲነካው ይሸታል። በሳምንት አንዴ ፀሐይ ላይ ካልተሰጣ ቁንጫ ይገባበታል።

የመንዝ ባና ለሌሊት ወደር የለውም፣ ለማቆያ ግን አይሆንም። ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል። አንድ ቀን ደረብኩበት፣ «ሰው ተቀመጠብኝ» አለ። አጣጥፋችሁ ከሥር ብታነጥፉት የአጎዛውን ቦታ ይተካል።

የከተማችን የሱፍ ብርድ ልብስ ይሞቃል፣ ዕድሜም አለው። ግን ልጅ ከሸናበት ክረምት ላይ ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል። የኔው ደግሞ መሀሉ ተመልጧል፤ በጎቹ ከየት እንደመጡ አሁን ገባችሁ።

ባለ ሥዕሉ ለስላሳ የገበያ ብርድ ልብስ ማታ ታጥቦ ጠዋት ይደርቃል። ቀን ለሚተኛ ልጅ ይሄንን ግዙ። በጋ ላይ ግን ሲገፈፍ ጠጠጠ እያለ ፀጉር ያቆማል፣ ልጄ ደግሞ ይሄን ጨዋታ አደረገው። ክፍሉ ሁሉ ተነሳ።

ነቅቶ ለሚያርፍ ልጅ ምርጫዬ ጋቢ ነው። የአባቱን አሮጌ ጋቢ ለሁለት ከፈልኩት። ተጋድሞ ይለብሰዋል፣ ሲነሳ ተከናንቦት በረንዳ ይወጣል። የሚነጭ ፀጉርም የለው።

ከረጢቱን የሰፈር ልብስ ሰፊ ከተራፊ ጨርቅ ሰፋልኝ። ውስጡ ከለር፣ ወረቀት፣ ሥዕል ያለው መጽሐፍና አንድ የጨርቅ አሻንጉሊት አለ። ከለሩ ወፍራሙ ይሁን፤ ክቡ እርሳስ ሲሚንቶ ላይ ሲንከባለል የሚያሰማውን ድምፅ እትዬ ነግረውኛል። የሚጮህ፣ መብራት የሚያበራ ነገር አታስገቡ። ስልክም አይሰጠው በሉ። በየሳምንቱ አንዱን አውጡና ሌላ ተኩ፣ አለበለዚያ በሦስተኛው ቀን ይሰለቸዋል።

ጭማሪ፦ «እንቅልፉን በእርግጥ መተዉን በምን አወቅሽ?» ላላችሁኝ። ሳይተኛ ውሎ እስከ ማታ ደህና ከሆነ ትቶታል። በየቀኑ 11 ሰዓት ላይ በትንሽ ትልቁ የሚያለቅስ ከሆነ ገና አልተወውም፤ ወይ ቀን አጭር እንቅልፍ ይጨመርለት፣ ወይ ማታ ቀደም ብሎ ይተኛ። ሲተኛ ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ልጅ ካላችሁ ሐኪም ይየው፤ ቶንሲል ሊሆን ይችላል።

ትልቁ ፈተና ግን ወደ ቤት የምንመለስበት ባጃጅ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ አምስት ደቂቃ ካንቀላፋ የማታው እንቅልፍ ተበላ። እኔ ትንሽ ዳቦ አስይዘዋለሁ፣ ከዚያ እስከ በራችን ድረስ እንዘፍናለን። ሹፌሩ ለምዶናል፤ አንዳንዴ እሱ ነው የሚጀምረው።