አፕት-ካሸር-ኤንጂ፦ የዶከር ሪፖዚተሪ 403 ይላል፣ አንዳንድ ማሽኖች ደግሞ «ሃሽ ሰም ሚስማች»

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። 40 የኡቡንቱ 22.04 ማሽኖች ላሉት የኮምፒውተር ላብ በ192.168.10.5 ላይ አፕት-ካሸር-ኤንጂ ተጭኗል፤ ይኸውም አፕት (የኡቡንቱ ፓኬጅ መጫኛ) የሚያወርደውን ፓኬጅ በካሽ አስቀምጦ ለሌሎች ማሽኖች የሚሰጥ ፕሮክሲ ነው። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ስለሆነ አንድ ፓኬጅ ከውጭ አንዴ ብቻ እንዲወርድ ነው የተፈለገው። የኡቡንቱ ፓኬጆች በደንብ ይወርዳሉ። የዶከር ሪፖዚተሪ (የዶከር ፓኬጆች የሚወርዱበት ሰርቨር) ግን «403 ኮኔክት ዲናይድ» ይላል፣ ጥቂት ማሽኖችም አፕዴት ሲደረጉ «ሃሽ ሰም ሚስማች» (የወረደው ፋይል ከሚጠበቀው ጋር አልገጠመም የሚል ስህተት) ያመጣሉ። በስኩዊድ (ሌላ የካሽ ፕሮክሲ) ብተካው ይሻላል?

መልስ 1
403ቱ ብልሽት አይደለም። ክላየንቱ (ፓኬጁን የሚያወርደው ማሽን) በኤችቲቲፒኤስ ሲመጣ ፕሮክሲውን የሚጠይቀው ቱኔል እንዲከፍትለት ብቻ ነው። ውስጡ የተመሰጠረ ስለሆነ ፕሮክሲው ፋይሉን አያየውም፣ ያላየውን ደግሞ ሊያስቀምጥ አይችልም። ብዙ ሰው በፕሮክሲው ኮንፊገሬሽን ውስጥ ቱኔል የሚፈቅደውን «ፓስ-ስሩ-ፓተርን» የሚለውን መስመር ክፈት ብሎ ይመክራል። ስህተቱ በርግጥ ይጠፋል፤ ግን 40ውም ማሽን ያንኑ ፓኬጅ ለየራሱ ከውጭ ያወርዳል፣ ካሹም ለዶከር ምንም አልረዳም ማለት ነው።

ይልቅ በክላየንቶቹ የሶርስ ፋይል (አፕት የሚያወርድባቸው አድራሻዎች የተጻፉበት) ላይ አድራሻውን እንዲህ ቀይረው፦

ኤችቲቲፒ://ኤችቲቲፒኤስ///ዳውንሎድ.ዶከር.ኮም/ሊኑክስ/ኡቡንቱ

ሁለተኛው ቃል በካፒታል ይጻፋል፣ ከኋላው ያለው ስላሽ ሦስት ነው። አንዱ ከጎደለ አይሠራም። ክላየንቱ ከፕሮክሲው ጋር በተራ ኤችቲቲፒ ያወራል፤ ፕሮክሲው በኤችቲቲፒኤስ አምጥቶ ያስቀምጣል። አፕት የሪፖዚተሪውን ፊርማ በራሱ በክላየንቱ ላይ ስለሚያረጋግጥ በመንገድ የተነካካ ፓኬጅ አይጫንም። ከላቡ የሚወጣ ላፕቶፕ ላይ ግን ይህን አታድርግ፤ ፕሮክሲው በሌለበት አድራሻው ትርጉም የለውም።

መልስ 2
ስለ ሃሽ ስህተቱ፦ መጀመሪያ የማሽኖቹን የሶርስ ፋይል አስተያይ። ገሚሱ ዋናውን የኡቡንቱ አርካይቭ፣ ገሚሱ የአገር ሚረር (የአርካይቩን ቅጂ የያዘ ሰርቨር) የሚጠራ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ሳይሆን አይቀርም። አፕት-ካሸር-ኤንጂ የሚያውቃቸውን ሚረሮች ሁሉ በአንድ ፎልደር ነው የሚያጠራቅመው። ሚረሮቹ እኩል ካልታደሱ ከአንዱ የመጣ ኢንዴክስ (የፓኬጆች ዝርዝር) ከሌላው ከመጣው ጋር አይገጥምም።

ሰርቨሩ ላይ በኮንፊገሬሽን ፎልደሩ ውስጥ «ባክኤንድስ_ኡቡንቱ» በሚለው ፋይል አንድ ሚረር ብቻ ጻፍና ሰርቪሱን ሪስታርት አድርግ። ስህተቱ በታየባቸው ክላየንቶች ላይ ደግሞ /ቫር/ሊብ/አፕት/ሊስትስ ውስጥ ያለውን አጥፍተህ እንደገና አፕዴት አድርግ። ካልጠፋ በብራውዘር ፖርት 3142 ላይ ያለውን የሪፖርት ገጽ ክፈትና የኤክስፓይሬሽን ስካኑን (የካሹን ጽዳት) ቼክሰም ከሚያረጋግጠው አማራጭ ጋር አስጀምር። ጊዜ ይወስዳል፣ ማሽኖቹ በማይሠሩበት ሰዓት ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከኢንዴክስ የወጣ ፋይል የሚጠፋው በነባሪ ከ4 ቀን በኋላ ነው። መስመር ለቀናት የሚቋረጥ ከሆነ ይህን የቀን ብዛት የሚወስነውን «ኤክስ-ትሬሾልድ»ን ወደ 14 ከፍ አድርገው። ኢንዴክስ ማውረድ ካልተቻለ ጽዳቱ ራሱ ስለሚቋረጥ ዲስኩ ሊሞላ ይችላል፣ ቦታውን ተከታተል።

መልስ 3
ለአፕት ብቻ ከሆነ ወደ ስኩዊድ አትሂድ። በነባሪው ዲስክ ላይ ምንም አያስቀምጥም፤ የካሽ ዳይሬክተሪ ብትሰጠውም ከ4 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይዝም። ሊኑክስ-ፈርምዌር ብቻውን ከ200 ሜጋባይት ያልፋል። ከፍተኛውን የፋይል መጠን 1024 ሜጋባይት ብታደርገውም መስመሩን ከካሽ ዳይሬክተሪው በላይ ጻፈው፣ ከታች ከሆነ ላይሠራ ይችላል። ኤችቲቲፒኤስ ላይ ያለው ችግርም እዚያው ይጠብቅሃል።

በ22.04 ፋየርፎክስ የሚመጣው በስናፕ (ከአፕት የተለየ የፓኬጅ ሥርዓት) ስለሆነ በዚህ ካሽ አያልፍም። በአንድ ማሽን ላይ «ስናፕ ዳውንሎድ» ብለህ የሚወጡትን ሁለት ፋይሎች ለሌሎቹ አሰራጭ፤ መጀመሪያ የአሰርት ፋይሉን (የስናፑን ፊርማ የያዘውን) በ«ስናፕ አክ»፣ ከዚያ ስናፑን ጫን።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ፓኬጁ ከካሽ መምጣቱን በምን አውቃለሁ?

መልስ 2
የሎግ ፋይሉን ተመልከት። «አይ» የሚለው ፊደል ያለበት መስመር ከውጭ የገባ፣ «ኦ» ያለበት ለክላየንት የወጣ ነው። አንድ ፓኬጅ በሁለት ማሽን ላይ ተራ በተራ አውርድ፤ በሁለተኛው ጊዜ ለዚያ ፋይል «ኦ» ብቻ ከታየ ከካሽ ነው የመጣው።