ከአሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የዴስክቶፔ ማዘርቦርድ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ተቃጠለ። ፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሳጥን)፣ ሃርድ ዲስኩና የኬዙ ፋን ግን አሉ፤ ልጥላቸው አንጀቴ እንቢ አለ። ብዙ ሳላወጣ ምን ልሥራባቸው? ፓወር ሰፕላዩን ብቻውን ስሰካው ምንም ድምፅ የለውም።

መልስ፦
ወንድሜ፣ ተበላሽቷል ብለህ እንዳትጥለው። የማዘርቦርዱን ትእዛዝ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ከሶኬት ንቀለው። ትልቁ ባለ 24 ፒን ማገናኛ ላይ አንድ አረንጓዴ ሽቦ አለ። እሱን ከአንዱ ጥቁር ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝና መልሰህ ሰካው። ፋኑ ከዞረ ተገላገልክ፤ ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ይሰጥሃል። እኔ ኤልኢዲና ትንንሽ ሞተር የምሞክረው በዚሁ ነው። ቀለሙን ብቻ ግን አትመን፤ ሽቦው በሙሉ ጥቁር የሆነም አለ። በመልቲሜትር (በቮልት መለኪያ) ለካ።

አደራህን፣ ሳጥኑን አትክፈት! ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች) ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።

መልስ፦
አንዳንድ የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ጭነት (ኤሌክትሪካቸውን የሚጠቀም ነገር) ካላገኙ ይጠፋሉ። የኔም እንደዛ ነበር። ቀዩና ጥቁሩ መካከል 10 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገድብ ዕቃ) ሳስገባ ተረጋጋ። ሬዚስተሩ ይግላል፤ ከፕላስቲክ አርቀው። የኬዙን ፋን ደግሞ ስበይድ ጭሱን እንዲስብልኝ ከጎኔ አቆመዋለሁ።

ጠያቂው፦
ዞረ! ቢጫው ላይ 12.1 አነበብኩ። ተባረኩ። ሃርድ ዲስኩስ?

መልስ፦
የሚሠራ ከሆነ የዩኤስቢ ማቀፊያ ግዛለትና ፋይል አስቀምጥበት። ከሞተ ፍታው፤ ውስጡ ኃይለኛ ማግኔት አለ። መፍቻዎቼን ግድግዳ ላይ የያዘልኝ እሱ ነው። ሁለት ማግኔቶች ሲሳሳቡ ጣትህ መሃል እንዳይገባ።